ሁለቱም ዓይኖቹ በአንድ ጎን ስለሆኑት ዓሣ፤ ከኮምቦልቻ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄውን የላኩልኝ በኮምቦልቻ የአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ኃላፊ ናቸው። በማቀዝቀዣ መኪና ከጅቡቲ ተነሥቶ በሚሌና በባቲ በኩል በደረሳቸው የበረዶ ዓሣ ካርቶን ውስጥ ሁለት ጠፍጣፋ ዓሦች አግኝተዋል። ርዝመታቸው 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ አንዱ ጎናቸው ቡናማ፣ ሌላው ነጭ፣ አፋቸው ሰፊ፣ ጥርሳቸውም የሾለ ነው። ሁለቱም ዓይኖች የሚገኙት በቡናማው ጎን ሲሆን፣ ይህ ጎን በአንደኛው ዓሣ ግራው፣ በሌላኛው ግን ቀኙ ነው። ነጋዴው «ሃሊበት ነው» ብሎ አስረክቧቸዋል። ከሠራተኞቻቸው አንደኛው ዓሣው ለሁለት ተሰንጥቆ ግማሹ ብቻ የተላከ መስሎታል፤ ሌላዋ ደግሞ ሲፈጠር የተበላሸ ስለሆነ ለሰው አይሰጥም ብላለች። ጥያቄዎቻቸው እንግዲህ እነዚህ ናቸው፤ ዓሣው ምንድን ነው? ሁለቱ የተለያዩ ዝርያዎች ናቸው ወይስ አንድ? ለእንግዳ ቢቀርብስ ጉዳት አለው? በዚያው ካርቶን ውስጥ «ሶል» (የሌላ ጠፍጣፋ ዓሣ ስም ነው) የሚል ጽሑፍ ባለበት ከረጢት የታሸገ ፊሌቶም ስለነበረ፣ እርሱስ ከዚሁ ዓሣ የወጣ እንደሆነ ጠይቀዋል።

መልሱን አስቀድሜ ምክንያቱን ላስከትል። ሁለቱ ዓሦች አንድ ዝርያ ናቸው። ሳይንሳዊ ስሙ ፕሴቶዴስ ኤሩሜይ ነው፤ ከቀይ ባሕርና ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ አንሥቶ እስከ ጃፓንና አውስትራሊያ ድረስ ይገኛል፤ ነጋዴዎችም «የሕንድ ሃሊበት» ይሉታል። ሙሉ ዓሣ ነው እንጂ ግማሽ አይደለም፤ አልታመመም፤ በሕንድ ውቅያኖስ ዙሪያ ባሉ አገሮችም የተለመደ ምግብ ነው። ስለ ፊሌቶው ግን ይህን ያህል በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም፤ ወደ እርሱ በኋላ እመለሳለሁ። እንዲህ ደፍሬ የምናገረው የላኳቸው ፎቶግራፎች ጥሩ ስለሆኑ ነው፤ በተለይ የጭንቅላቱ የላይኛው ጠርዝ በግልጽ የሚታይበት ፎቶግራፍ ጉዳዩን ጨርሶታል።

የሠራተኞችዎ ግራ መጋባት የሚጠበቅ ነው። በደሴና በኮምቦልቻ የለመድነው ዓሣ ከሐይቅና ከአርድቦ የሚመጣው ቆሮሶና አምባዛ ነው፤ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት፣ ዓይኖቹም አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ናቸው። ጠፍጣፋ ዓሦች የሚባሉት፣ ከ700 በላይ ዝርያዎች ያሉት ሰፊ ወገን፣ ከእንቁላል ሲፈለፈሉ እነርሱም እንደዚሁ ናቸው፤ ገና የተፈለፈለው ትንሽ ዓሣ ቀጥ ብሎ ይዋኛል፣ በየጎኑም አንድ አንድ ዓይን አለው። ከዚያ በታይሮይድ ሆርሞን የሚመራ ለውጥ ይጀምርና የአንደኛው ጎን ዓይን የራስ ቅሉ አጥንት እየተጣመመ በጭንቅላቱ አናት ላይ ተሻግሮ ወደ ሌላኛው ጎን ይጠጋል። ዓሣው ዓይን ባጣው ጎኑ ተጋድሞ በባሕሩ ወለል ላይ መኖር የሚጀምረው በዚህ ጊዜ ነው። ወደ አሸዋው የዞረው ጎን ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ወደ ብርሃን የዞረው ደግሞ የወለሉን መልክ ይይዛል። ስለዚህ ወጥ ቤት ውስጥ ሁሉም ሰው «ሆዱ» የሚለው ነጭ ገጽ ሆድ አይደለም፤ አንደኛው ጎኑ ነው። እውነተኛው ጀርባና እውነተኛው ሆድ ክንፍ የተደረደረባቸው ሁለቱ ቀጫጭን ጠርዞች ናቸው። ይህ ካልተያዘ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ይምታታል፤ ስለዚህ «ጀርባ» ባልሁ ቁጥር ጠርዙን ማለቴ መሆኑን ልብ ይበሉ።

ጠፍጣፋ ዓሣን ለመለየት ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቀለሙን ነው፤ በእኔ እምነት ግን ቀለሙ መጨረሻ ሊታይ ይገባዋል። እነዚህ ዓሦች እንደሚተኙበት ወለል ቀለማቸውን ይቀያይራሉ፤ ከሞቱና በበረዶ ከሰነበቱ በኋላ ደግሞ ይደበዝዛሉ። ፕሴቶዴስ ኤሩሜይ ቡናማ ወይም ግራጫ ሆኖ አንዳንዴ አራት ሰፋፊ ጥቁር መቀነቶች ይታዩበታል፤ ከእርስዎ ዓሦች በአንደኛው ላይ መቀነቶቹ በደብዛዛው አሉ፣ በሌላኛው ላይ የሉም። ይህን ልዩነት አይቁጠሩት። በቀለም ብቻ ፈርደው ቢሆን ኖሮ እነዚህን ሁለት ዓሦች ያለ ጥርጥር ለሁለት ዝርያ ይከፍሏቸው ነበር፤ የዓይኖቹ ጎን መለያየት ሲጨመርበት ደግሞ ስሕተቱ የበለጠ እውነት ይመስል ነበር።

መታየት ያለበት የመጀመሪያው ነገር የጀርባው ክንፍ የሚጀምርበት ቦታ ነው። ዓሣው በረዶው ከለቀቀ በኋላ ነጩን ጎን ወደ ታች አድርገው በመክተፊያው ላይ ያስተኙትና፣ ጥፍርዎን ከጅራቱ አንሥተው በጀርባው ጠርዝ በኩል ወደ ጭንቅላቱ ይሳቡት። በአብዛኞቹ ጠፍጣፋ ዓሦች ላይ ክንፉ ሳይቋረጥ እስከ ዓይኖቹ በላይ፣ አንዳንዴም እስከ አፍንጫው ጫፍ ድረስ ይዘልቃል። በእርስዎ ዓሣ ላይ ግን ጥፍርዎ ከዓይኖቹ በስተኋላ፣ ጭንቅላቱ አልቆ አካሉ ከሚጀምርበት አካባቢ ሲደርስ ክንፉ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ እስከ አፉ ድረስ ያለው ጠርዝ ራቁቱን ነው። በዚያው በክንፉ መጀመሪያ ላይ ያሉትን፣ ክንፉን የሚወጥሩትን ቀጫጭን አጥንቶች በጣትዎ ጫን ቢሏቸው ወደ 10 የሚጠጉት አይተጣጠፉም፤ ይወጋሉ። እሾህ ናቸው። ከኋላ ያሉት ግን ለስላሳና ተጣጣፊ ናቸው። የጀርባው ክንፍ ጭንቅላቱ ላይ የማይወጣና ከፊቱ እሾህ ያለው ጠፍጣፋ ዓሣ የፕሴቶዴስ ወገን ብቻ ነው። በዚህ ወገን ያሉት ዝርያዎች በጠቅላላው ሦስት ሲሆኑ፣ ሁለቱ በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ የሚኖሩ የአትላንቲክ ዓሦች ናቸው፤ ዓሣው ከጅቡቲ በኩል ከመጣ የሚቀረው አንድ ስም ነው።

ይህ ብቻውን ይበቃል፤ ማረጋገጫ ለሚፈልግ ግን ሌሎችም ምልክቶች አሉ። አፉ ሰፊ ነው፣ መንጋጋው ከዓይኖቹ አልፎ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ጥርሶቹ እንደ ውሻ ክራንቻ የሾሉ ናቸው፤ ይህ በአሸዋ ውስጥ ትል የሚለቅም ሳይሆን ሌላ ዓሣ አሳድዶ የሚውጥ ዓሣ አፍ ነው። ከሆዱ ጠርዝ ፊት ለፊት ያሉት ሁለቱ ትናንሽ ክንፎች በሁለቱም ጎን እኩል ማለት ይቻላል፤ በሌሎቹ ጠፍጣፋ ዓሦች ላይ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ከሌላው ይለያል። ከስንጥቡ (ከመተንፈሻው) እስከ ጅራቱ የሚሄደው የጎን መስመርም በነጩ ገጽ ላይ ሳይቀር በግልጽ ይታያል። አካሉ ደግሞ ለጠፍጣፋ ዓሣ ወፍራም ነው። ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚስበኝ የተሻገረው ዓይን ያረፈበት ቦታ ነው፤ ፈጽሞ ወደ ሌላው ጎን አልተጠቃለለም፣ በጭንቅላቱ ጠርዝ ላይ ቆሟል። ዓሣውን አቁመው ከነጩ ጎን በኩል ቢመለከቱት የዓይኑ ጉብታ ከጠርዙ በላይ ብቅ ብሎ ይታይዎታል። ይህ ዓሣ አንዳንድ ጊዜ እንደ ሌሎቹ ተጋድሞ ሳይሆን ቀጥ ብሎ ሲዋኝ መታየቱም ከዚህ ጋር የሚስማማ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ፣ ማለትም የአንዱ ዓይኖች በግራ፣ የሌላው በቀኝ ወደ መሆናቸው ልምጣ። ሰው «ሁለት ዝርያ ነው» ቢል አይፈረድበትም፤ ምክንያቱም በአብዛኞቹ ጠፍጣፋ ዓሦች ዘንድ ጎኑ የቤተሰቡ ምልክት ነው። የሶል ቤተሰብ ዓይኖች በቀኝ ናቸው፤ የቦቱስ ቤተሰብ ዓይኖች በግራ ናቸው፤ ከዚህ የሚወጣ ዓሣ ቢገኝ እንደ እንግዳ ነገር የሚታይ ነው። በፕሴቶዴስ ዘንድ ግን ይህ ሕግ አይሠራም፤ ግራም ቀኝም የሆኑት ግማሽ በግማሽ ሊባል በሚችል መጠን ይገኛሉ። እንዲያውም በአንድ ካርቶን ውስጥ አንድ ግራና አንድ ቀኝ መገኘቱ፣ የተቀሩት ምልክቶች አንድ ከሆኑ፣ ዝርያው ይኸው ለመሆኑ ተጨማሪ ማስረጃ እንጂ ተቃራኒ ማስረጃ አይደለም። በሰሜን ፓሲፊክ የሚኖረው፣ ባለ ኮከብ ፍላውንደር የሚባለው ጠፍጣፋ ዓሣም እንዲሁ በሁለቱም ጎን ይገኛል፤ በጃፓን በኩል ያሉት ከሞላ ጎደል ሁሉም ግራ ሲሆኑ በካሊፎርኒያ በኩል ግን የተቀላቀሉ ናቸው። እርሱ ግን ክንፉ እስከ ጭንቅላቱ ስለሚወጣ ከእርስዎ ዓሣ ጋር የሚምታታ አይደለም።

ፕሴቶዴስ ለምን እንዲህ ሆነ ለሚል፣ ከጠፍጣፋ ዓሦች ሁሉ ቀድሞ የተነጠለው የቤተሰብ ቅርንጫፍ እርሱ ነው ተብሎ ሲቆጠር መቆየቱን መጥቀስ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2008 ማት ፍሪድማን የተባለ ተመራማሪ ወደ 50 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያላቸውን፣ አምፊስቲየምና ሄተሮኔክቴስ የተባሉትን ቅሪተ አካላት ዳግም መርምሮ የአንደኛው ጎን ዓይን መንገድ ጀምሮ ያልጨረሰ መሆኑን አሳየ፤ ወደ ላይ ወጥቷል፣ ጠርዙን ግን አልተሻገረም። በአምፊስቲየም ዘንድ ደግሞ ግራም ቀኝም የሆኑ ተገኝተዋል። ዓይኑ ጠርዝ ላይ የቆመና ጎን የማይመርጥ ዓሣ ዛሬ በመክተፊያዎ ላይ ተኝቶ ማየት፣ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው፣ የሆቴል ጉዳይ ብቻ አይደለም።

በዚያው ባሕር ከሚገኙት ሌሎች ጠፍጣፋ ዓሦች ወደፊት በካርቶንዎ ውስጥ ሊገኙ የሚችሉትን በአጭሩ ልግለጽ። ቦቱስ ፓንቴሪኑስ የሚባለው ዓይኖቹ በግራ፣ ዓይኖቹ ያሉበት ገጽ በነብር ጠቃጠቆ የተዥጎረጎረ፣ ወንዱ በዓይኖቹ ጎን ያለው የደረት ክንፍ እንደ ክር የረዘመ ዓሣ ነው፤ የጎን መስመሩ ከደረት ክንፉ በላይ ቅስት ይሠራል። ይህን ዓሣ እ.ኤ.አ. በ1830 ለሳይንስ ያስተዋወቀው ኤድዋርድ ሩፔል የተባለ ጀርመናዊ ነው፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደ ሐበሻ ምድር ወጥቶ ጭላዳ ዝንጀሮንና ቀይ ቀበሮን ለሳይንስ የገለጸው ሰው ራሱ መሆኑን ለወሎ ሰው መንገር ደስ ይላል። ምላስ መሳዮቹ ሶሎች ደግሞ ለመለየት አያስቸግሩም፤ የጀርባው፣ የጅራቱና የሆዱ ክንፍ ተያይዞ ወደ ኋላ ይሾላል፣ የተለየ ጅራት የላቸውም።

ጥንቃቄ የሚያሻው ሦስተኛው ነው፤ ፓርዳኪሩስ ማርሞራቱስ፣ በተለምዶ «የሙሴ ሶል» የሚባለው። ሙሴ ባሕሩን ሲከፍል መሐል ላይ የነበረው ዓሣ ለሁለት ተከፈለ፣ ግማሹም ዓሣ ሆኖ ቀረ የሚል አፈ ታሪክ አለው፤ «ግማሹ ነው የተላከልን» ያለው ሠራተኛዎ እንግዲህ ብቻውን አይደለም። ይህ ዓሣ ትንሽ ነው፣ ከ26 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ዓይኖቹ በቀኝ ናቸው፣ አፉ ጠባብና ጠማማ ነው፣ የደረት ክንፍ ጨርሶ የለውም። በጀርባውና በሆዱ ክንፎች ሥር ሥር ተደርድረው የሚታዩት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ዓሣው ሲነካ ወተት የሚመስል ፈሳሽ ያወጣሉ፤ በውስጡ ያለው መርዝ ፓርዳክሲን ይባላል። አሜሪካዊቷ የዓሣ ተመራማሪ ዩጂኒ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በቀይ ባሕር ባደረገችው ሙከራ፣ ይህን ዓሣ ሊነክስ የቀረበ ሻርክ መንጋጋውን መግጠም ተስኖት ይሸሽ እንደነበር አሳይታለች። እንዲህ ያለ ዓሣ ለሽያጭ በሚመጣ ካርቶን ውስጥ መግባቱ ሩቅ ነው፤ ቢገባ ግን እኔ ብሆን አልቀበለውም። ከእርስዎ ዓሣ ጋር የሚያመሳስለው መጋደሙ ብቻ ነው።

«ሃሊበት» ስለሚለው ስም። ሃሊበት ተብሎ በዓለም የታወቀው የሰሜን አትላንቲክ ዓሣ ከ300 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን የሚችል የቀዝቃዛ ባሕር ዓሣ ነው፤ በቀይ ባሕር አይኖርም። ዓይኖቹ በቀኝ ናቸው፣ የጀርባው ክንፍ ከዓይኑ በላይ ይጀምራል፣ የጅራቱ ጠርዝ ወደ ውስጥ የገባ ነው። የእርስዎ ዓሣ ቢበዛ 64 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ነጋዴው ፈጽሞ ዋሽቷል አልልም፣ የሕንዱንም ዓሣ በዚህ ስም መጥራት የተለመደ ነውና፤ ነገር ግን በአትላንቲኩ ሃሊበት ዋጋ አስከፍሎዎት ከሆነ «የሕንድ» የሚለውን ቃል በደረሰኙ ላይ እንዲጽፍልዎ ይጠይቁት።

ለእንግዳ ማቅረብን በተመለከተ፣ የዝርያው ጠባይ የሚከለክለው ነገር የለም። አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው የማይበሉ ክርስቲያን እንግዶች እንዳሉዎት አውቃለሁ፤ በኦሪቱ ክንፍና ቅርፊት ያለው ይበላል ተብሏልና ይህኛው ሁለቱም አለው። ቅርፊቱ ጥቃቅን ስለሆነ በዓይን ባይጎላም፣ የቢላዋውን ጀርባ ከጅራት ወደ ጭንቅላት ቢስቡት ይነሣል። ለሙስሊም እንግዶችዎ ይህ ጥያቄ እምብዛም አይነሣም። መጠየቅ ያለበት ሌላው ነገር የመንገዱ ነው፤ ከጅቡቲ እስከ ኮምቦልቻ ያለው በረሃ ማቀዝቀዣ የሚፈተንበት ነውና፣ በካርቶኑ ግርጌ የቀለጠና ዳግም የረጋ በረዶ ካለ፣ ወይም ሥጋው ጠርዝ ጠርዙን ነጥቶ ከደረቀ፣ ዝርያው ምንም ይሁን ምን ይመልሱት። በረዶውንም በፀሐይ ወይም በሞቀ ውሃ ሳይሆን በፍሪጅ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲለቅ ያድርጉ።

አሠራሩ ላይ ከቆሮሶ የሚለይ አንድ ነገር አለ። ቆሮሶ ከየጎኑ አንድ፣ በድምሩ ሁለት ፊሌቶ ይወጣዋል፤ ጠፍጣፋ ዓሣ ግን አራት ነው። ቢላዋውን በጎን መስመሩ ላይ ከጭንቅላቱ ሥር እስከ ጅራቱ ድረስ የመሐሉን አጥንት እስኪነካ ይሰንጥቁበት፤ ከዚያ ምላጩን በአጥንቱ ላይ አጋድመው ከመሐል ወደ ክንፉ ጠርዝ ይግፉት፤ አንዱ ይነሣል። በዚያው ገጽ ሁለተኛውን፣ ገልብጠው ደግሞ ከነጩ ጎን ሁለቱን ያውጡ። የቡናማው ጎን ፊሌቶ ከነጩ ጎን ይወፍራል፤ ስለዚህ አንድ ላይ መጥበሻ ውስጥ አይጨምሩት፣ ስሱ ቀድሞ ይደርቃል። ጭንቅላቱንና አጥንቱን ለሾርባ ያስቀሩት።

የቀረው «ሶል» የተባለው ከረጢት ነው። ቆዳው ተገፎ፣ ጭንቅላቱና ክንፉ ተወግዶ የመጣን ነጭ ሥጋ አይቶ ስም መስጠት አይቻልም፤ የማደርገው ግምት ይሆናል፣ ግምቱንም ለእርስዎ መስጠት ተገቢ አይመስለኝም። በዓለም ገበያ ከቬትናም የሚመጣው ፓንጋሲየስ የተባለ የጨው አልባ ውሃ ዓሣ በሶል ስም ሲሸጥ በተደጋጋሚ ተይዟል፤ እርሱ የአምባዛ ዘመድ ስለሆነ ቅርፊትም የለውም፣ ስለዚህ ከላይ ላነሣሁት የክርስቲያን እንግዶችዎ ጉዳይ ልዩነት ያመጣል። ቁርጥ ያለ መልስ የሚሰጠው የዘረ መል ምርመራ ነው። ካናዳዊው ፖል ሄበርት እ.ኤ.አ. በ2003 ባቀረበው ዘዴ መሠረት፣ ከአንድ ዘረ መል የሚወሰድ 650 «ፊደል» (የዘረ መሉ መሠረታዊ አሃድ) ገደማ የሆነ ቁራጭ ተነብቦ ከታወቁ ዝርያዎች ጋር ይነጻጸራል። ለአንድ ከረጢት ዓሣ ይህን ማስደረግ ወጪው አይመጥነውም። ይልቅ በሚቀጥለው ጊዜ ፊሌቶ ሲያዝዙ ቆዳው ያልተገፈፈ ይሁን ብለው ይጠይቁ፤ ቆዳው ካለ ቅርፊቱና የጎን መስመሩ አብሮ ስለሚመጣ ፎቶግራፉን ቢልኩልኝ ቢያንስ ከየትኛው ቤተሰብ እንደሆነ ልነግርዎ እችላለሁ።